አባቴ በቃላቸው የያዙት ቁጥር

አባቴ ደጁን ረግጠውት የማያውቁትን የአንድ ድርጅት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በቃላቸው ያውቁ ነበር። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «በዚያ በክፉው ቀን ዲያቆን ነበርኩ» ብለው የሚያልፉ ሰው ናቸው። እኔ የተወለድኩበትን ዓመት እንኳ ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸው ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥተውኛል። ያን ቁጥር ግን ከመጀመሪያው ዜሮ እስከ መጨረሻው ሳይደናቀፉ፣ ዳዊት እንደሚደግሙት በዜማ ያወርዱት ነበር። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን አንድም ቀን ስቄ አላውቅም።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ሰቆጣ ከተማ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ያን ጊዜ «ቲን» የሚባለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወደኛ አገር ገና መድረሱ ነው። ነጋዴውን እየጠራን ቁጥር እንስጥህ እንለዋለን፤ እሱ ይሸሸናል። ከብቱን እንኳ ሰው ፊት ጮክ ብሎ የማይቆጥር አገር ውስጥ «ና፣ ቁጥር ይሰጥህ» ማለት ቀልድ አይደለም። አንዲት ጠላ ሻጭ ቁጥሯ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላ፣ አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከሸጎጠችው በኋላ፣ «እንግዲህ ስሞት በስሜ ነው የምትቀብሩኝ ወይስ በዚህ?» ብላኛለች። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን መልስ ጠብቃ ነበር፤ የሚመልስላት ስታጣ ተነሥታ ሄደች።

ሌላው ሥራዬ ማጣራት ነው። አንዱ ለትምህርት ቤት ወንበር አቀርባለሁ ብሎ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ፣ ደረሰኙ ላይ የታተመው ቁጥር የራሱ ነው ወይስ የሌላ ሰው? የኛው ዞን ነጋዴ ከሆነ ካርዱን ከሳጥን አውጥቼ ከስሙ ጋር አስተያያለሁ። ከሩቅ የመጣ ከሆነ ግን ያለን መላ ስልክ ብቻ ነው። ስልኩ ኃላፊያችን ቢሮ በእንጨት ሳጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ኃላፊያችን ኪስ ነው፤ ኃላፊያችን ደግሞ ስብሰባ ናቸው። መስመር ተገኘ ሲባል ባሕር ዳር «አዲስ አበባ ጠይቁ» ይላል፤ አዲስ አበባ «በክልላችሁ በኩል ኑ» ይላል። ዝናብ ከጣለ ጭራሹን ድምፅ የለም። እንዲያም ሆኖ ሥራዬን እወደው ነበር። የውሸት ቁጥር ስይዝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምሳ የበላሁ ያህል ደስ ይለኛል። ያ የተቆለፈ ስልክ አንድ ቀን በኔው ላይ ይፈርዳል ብዬ በየት በኩል ላስብ?

ታናሽ እህት ነበረችኝ። እናታችን እሷን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተችብን። በጀርባዬ አዝዬ ውሃ እየቀዳሁ፣ በጀርባዬ አዝዬ ማገዶ እየለቀምኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስታለቅስ ከመምህሩ ፊት ተነሥቼ ከክፍል የወጣሁባቸው ቀኖች አሉ። አባታችን ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደብር የሚቀድሱ ካህን ናቸው። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣንኛ ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤት፣ ግዕዙን አባታችን አመጡልን። እኔ ሥራ ስይዝ እሷን ወደ ከተማ አምጥቼ አስተማርኳት። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ነጥቡ አልመጣላትም። ከዚያ በኋላ ከሰው መገናኘት ተወች፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ወልድያ የሚወርደውን መንገድ ስታይ ትውላለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እንደ ወትሮው በሩ ላይ አይደለችም። ቤቱን ጠርጋ፣ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

«እትየ፣ ዓረብ አገር ልሄድ ነው።»

«ማን አባቱ ነው የሚወስድሽ?»

«ድርጅት ነው። ሕጋዊ ነው። ቁጥር አለው።»

ይህን ቃል ያስያዘቻት የሰፈራችን ልብስ ነጋዴ ናት። ሴትዮዋ አዲስ አበባ ትመላለሳለች፤ ስትመጣ ልብስ ይዛ፣ ስትሄድ ልጃገረድ ይዛ። ለእህቴ የድርጅቱን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሰጥታታለች፤ ስም አለው፣ ማኅተም አለው፣ ከታች ደግሞ የግብር መለያ ቁጥር አለው። የማን እህት እንደሆነች ስለምታውቅ ቁጥሩን በእስክሪብቶ አስምራበታለች። «እንደነዚያ ሌቦች አይደሉም፤ ይኸው ግብር ይከፍላሉ፤ እህትሽን ጠይቂያት» ብላታለች።

እኔ ፈራሁ። የጎረቤታችን ልጅ ከዚያው አገር ተመልሳ ነበር፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ ዞር ብላ አታይም፣ ግድግዳ ታያለች። ግን ፈራሁ ማለት ለሰው የሚቀርብ ምክንያት አይደለም። ድፍን አገሩ ልጁን እየላከ ባለበት ሰዓት «የኔ እህት አትሄድም» ብትል ምቀኛ ትባላለህ እንጂ የሚሰማህ የለም። እህቴም ፊቷን አጥቁራ፣ «እንግዲያ አባየ ይፍረዱ» አለች።

አባቴ በገበያ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። እህቴ ጉልበታቸውን ስማ ነገሯን ተናገረች። እስክትጨርስ ሰሟትና፣

«ማነው ይኼ ሰው? የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«ሰው አይደለም፣ አባየ፤ ድርጅት ነው» አለች።

«ድርጅትስ ቢሆን የማን ነው?»

እህቴ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። ጥያቄያቸው ግን ለኔ ገብቶኛል። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትጠየቅ ዘር ይቆጠራል። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቀመጡና አባቱን፣ የአባቱን አባት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። ደም ከተገናኘ፣ ወይም በወገኑ ላይ የሚነገር እንከን ካለ፣ ነገሩ እዚያው ይቆማል። እስኪቆጠር ድረስ የፈለገ ሰው የፈለገውን ይናገራል፤ ማንም አይቆጣውም። ተቆጥሮ በካህን ፊት «ንጹሕ ነው» ከተባለ ግን አበቃ። ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍት ትዳር አፍራሽ ነው፤ እናት እንኳ ብትሆን እንባዋን ዋጥ ታደርጋለች። አባቴ በዕድሜያቸው ስንቱን አስቆጥረዋል።

እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣

«ድርጅትም ይቆጠራል፣ አባየ። ይኼ ቁጥር እውነት ይሁን ውሸት መጀመሪያ ይጣራ። ካልተጣራ አትሂድ» አልኩ።

ውሸት እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከደላላ እጅ የወጣ ቀና ወረቀት አይቼ አላውቅም። እንዲህ ካደረግኩ እኔም ምቀኛ አልባልም፣ እሷም አትሄድም፣ ጥፋቱ የወረቀቱ ይሆናል ብዬ ነው። አባቴ የሚያውቁት ነገር ስላገኙ ፊታቸው በራ። «እሱስ ደግ ነው። ይቆጠር» አሉ። እህቴም ተስማማች። የዚያን ቀን እንቅልፍ በደንብ ተኛሁ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው ቁጥሩን ሊያነቡት ሞከሩ። መነሻው ዜሮዎች ናቸው። በግዕዝ ቁጥር ደግሞ ባዶ የሚባል ነገር የለም።

«ይኼ ባዶው ምንድን ነው?»

«ዜሮ ነው፣ አባየ። ቦታ ይይዛል።»

«ባዶ ነገር ነው ቦታ የሚይዝ?»

«እንዲያ ነው ሥራቱ።»

በጣታቸው እየነኩ ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩት። አሥር ሆነ። ቀና ብለው አዩኝ። «ለሙሽራ ሰባት ይበቃናል፤ ይኸ አሥር ድረስ ወጥቷል። ከሥር ከመሠረቱ የታወቀ ሰው ነው እንጂ!» አሉ። የአያት የቅድመ አያት ቁጥር አይደለም፣ ኮምፒውተር የሚሰጠው ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ኮምፒውተሩስ ከማን ሰምቶ ነው?» አሉኝ። የዳዊታቸው ኅዳግ ላይ ሊጽፉት አሰቡ፤ ባዶዎቹን የሚጽፉበት ፊደል ስላጡ ተዉት። ከዚያ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የለመዱትን አደረጉ፤ እየደጋገሙ፣ ዜማ እየሰጡ፣ በቃላቸው ያዙት።

ማጣራቱ ጊዜ ወሰደ። ኃላፊያችን ስብሰባ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ መስመር ጠፋ፤ መስመር ሲመጣ መብራት ጠፋ። ባሕር ዳር አዲስ አበባ ጠይቂ አለኝ። ለወትሮው በዚህ ሁሉ እበሽቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መስመር በጠፋ ቁጥር ደስ እያለኝ ወደ ቤት እገባ ነበር። እህቴ በር ላይ ቆማ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዛሬም የለም» እላታለሁ። ጥርሷን ነክሳ ትገባለች።

መስመሩ የተገኘው በገበያ ቀን ነው። አባቴ ነገሩ የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ቢሮ መጥተው ነበር። ኃላፊያችን መስቀል ተሳልመው ወንበር ሰጧቸውና ሳጥኑን ከፈቱልኝ። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት አነሣች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ቁጥሩን አነበብኩላት። «ቆይ» አለችኝና የቁልፍ ኳኳታ ሰማሁ። በሆዴ «ስህተት አድርገው፣ ስህተት አድርገው» እያልኩ እማጸን ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ውሸት እንዲሆንልኝ ስለት የተሳልኩት ያን ቀን ነው።

«አለ» አለችኝ።

«አለ?» አልኩ። ድምፄ ራሴንም ደነቀኝ።

ስሙን አነበበችልኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው።

«ስሙም ያው ነው... ሥራውስ? ... ፈቃዱ ታድሷል? ... ግብሩንስ? ... ሁሉንም?»

አባቴ የኔን ወገን ብቻ እየሰሙ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

«ሌላ እንከን የለበትም? እስኪ እባክሽ ደግመሽ እይልኝ» አልኳት።

ሴትዮዋ ሳቅ አለች። ክፉ ሰው አልነበረችም። «እህቴ፣ እኛ የምናየው ግብሩን ነው። ግብሩን ከፍሏል። ሌላ ምን ልይልሽ?» አለችኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ኃላፊያችን ሳጥኑን እየቆለፉ፣ በቀልድ መልክ፣ «እንግዲህ ንጹሕ ነዋ!» አሉ። ቀልድ መሆኑ ለአባቴ አልታያቸውም። ብድግ ብለው አማተቡ።

«ተቆጠረ» አሉ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ግብር ሊከፍል የመጣ ሰው ተኮልኩሎ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጃቸውን ያዝኩ። «አባየ፣ ይኼ ግብር መክፈሉን ነው የሚናገር። ሰው እንዴት እንደሚይዝ አይናገርም» አልኳቸው።

«አንች አይደለሽም ወይ ይቆጠር ያልሽ?»

«ነኝ።»

«ተቆጥሮስ ምን ተገኘበት?»

«ምንም።»

«እንግዲያ በምን አፌ ልከልክላት?» አሉና መሬት መሬት አዩ። ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም እኮ እንከን ይገኝበታል ብየ ነበር፣ ልጀ» አሉኝ።

ለካ ሁለታችንም አንድ ነገር ስንለምን ነበር። እሳቸው ባሕላቸውን፣ እኔ ሥራዬን ተማምነን ልጅቷን ልናስቀር አስበን፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ከእጃችን ወሰዷት። አንድ ላይ ባለቀስን ነበር፤ ግን ካህን ግቢ መሐል አያለቅስም፣ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

እህቴ ወሬውን ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከፈተናው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። በሄደችበት ማለዳ ልብስ ነጋዴዋ ያለበሰቻትን ጂንስ ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ፣ የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ተደግፋ ከእኛ ይልቅ መንገዱን ታይ ነበር። አባቴ መስቀላቸውን በመስኮቱ አስገብተው ግንባሯን አሳለሟት። የኔን እጅ ያዘችና፣ «እትየ፣ አታልቅሽ እንጂ! አንች ራስሽ አይደለሽም ያጣራሽልኝ?» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው ያለችኝ። ልታጽናናኝ ነው።

አንድ ጊዜ ደወለች። ኃላፊያችን ቢሮ ድረስ በሩጫ ጠሩኝ፤ ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ስልኩ ተጋድሟል። «ደርሻለሁ፣ እትየ። ቤቱ ትልቅ ነው። መስኮቱ አይከፈትም እንጂ ውጭው ያምራል» አለችኝ። ምን ትበያለሽ፣ የት ነው የምትተኝ ብዬ ሳልጨርስ፣ «መጡ» አለችና ዘጋችው። ማን እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ነው አልን። ቀጥሎ ስልክ ተከልክላ ነው አልን። ትንሣኤም አለፈ። ድርጅቱ ጋ ስደውል «ደህና ናት» ይሉኛል፤ በሌላ ጊዜ «ከአሠሪዋ ቤት ወጥታለች» አሉኝ። ልብስ ነጋዴዋ ቤት ሄጄ ጮኽኩባት። «እኔ ምን ላድርግሽ? አንች አይደለሽም ያጣራሽው?» አለችኝ። አገሩ በሙሉ ይህንን አንድ ነገር ይዞ ቀረ። «እሷ አጣርታ ላከቻት።» በየቤቱ፣ በየገበያው፣ በሐዘን ቤት እንኳ፣ ለክፋት ሳይሆን ለወሬ ያህል ይሉታል።

አዲስ አበባ ለሥልጠና ስላክ የመጀመሪያውን የዕረፍት ሰዓት ጠብቄ ድርጅቱን ፈልጌ ሄድኩ። ከፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው የተወለወለ ነው። ጨለማ ቤት፣ ፊቱን የሚደብቅ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር። ክራባት ያሠረ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። ፋይሏን አወጣ። «ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታለች። ውሉ እዚያ ላይ ያበቃል» አለኝ።

«የት ሄዳ?»

«ጠፍታለች ነው የሚለው።»

«ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይጠፋል?»

«እህቴ፣ አዝናለሁ። እኛ ማድረግ የሚገባንን አድርገናል።»

ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣ ያ ምስክር ወረቀት በመስታወት ገብቶ ተሰቅሏል። ልማድ ሆኖብኝ ቁጥሩን ከአባቴ ዜማ ጋር እያስተያየሁ አንድ በአንድ አነበብኩት። ልክ ነው። አንድም የተፋለሰ የለም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ እጠራ ነበር፤ ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ማኅተሙን ይዤ አገር አስነሣ ነበር። ሰውዬው ግን ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም ትሑት ነው፤ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሚወጣ የሚወርደው ሰው እግሬን እየተራመደ አለፈኝ።

ሰቆጣ ስመለስ አባቴ እየጠበቁኝ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጠፍታለች ማለታቸውንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤቱስ አለ?»

«የቱ ቤት?»

«የቆጠርነው። ድርጅቱ።»

«አለ፣ አባየ። ቁጥሩም ግድግዳው ላይ አለ።»

«እንግዲያ አለች» አሉ። «የተዳረች ልጅ ቤቷ እስካልፈረሰ ድረስ አለች ነው የሚባል።»

ይህ እንደዚያ አይደለም፣ ያ የጋብቻ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት። የቀረቻቸው ተስፋ ይህች ብቻ ነበረች፤ እኔ ምን ተክቼ ልወስድባቸው?

ቆይቶ እሳቸው ራሳቸው ሌላውን ጭንቀት ነገሩኝ። በየማለዳው ሲጸልዩ የቤተሰቡን ስም ይጠራሉ፤ የሕያዋኑን ለብቻ፣ የሙታኑን ለብቻ። «የሞተችውን ከሕያዋን ጋር ብጠራ ነፍሷን ጸሎት ነሣኋት ማለት ነው። ያለችውን ከሙታን ጋር ብጠራ ደግሞ ልጀን በገዛ አፌ ቀበርኋት» አሉኝ። ቀብሯን ያላየ ሰው የትኛው ላይ ይጥራት? እሳቸው መልሱን ከኔ ቢሮ ይፈልጉት ጀመር።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ቢሮአችን ኮምፒውተር ገባለት፤ ቆይቶም ከአዲስ አበባው ጋር ተገናኘ። ስልኩን ከሳጥኑ ማስፈታት ቀረ። ቁጥር ስጽፍ የማንም ድርጅት ስም ይመጣል፤ ሥራ ላይ ይሁን አይሁን ይነግረኛል። አባቴ በገበያ ቀን ሁሉ ይመጡ ነበር። ማርና ፍየል ሻጩ ተሰልፎ ባለበት ቀድመው አይገቡም፤ ተራቸውን ጠብቀው ጠረጴዛዬ ፊት ይቆሙና ቁጥሩን በዜማ ያወርዱታል። አባቴ መሆናቸውን የማያውቅ ወረፋ ያዥ ይስቃል። እኔ እየተከተልኩ እጽፋለሁ።

«አለ?»

«አለ፣ አባየ።»

«ተመስገን።»

ይሄው ነው። ሰላምታም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጥያቄው የተማረ ሰው ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ዓመት እያለፈ ሲሄድ እኔም ራሴ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ሆነ። «በሥራ ላይ» የሚለውን ሳይ ትከሻዬ ይቀለኛል። ያንን ድርጅት እንዲጠፋ እየረገምኩ፣ እንዳይጠፋ ደግሞ እየሰጋሁ ኖርኩ።

አንድ ማለዳ ስጽፈው «ተሰርዟል» አለ።

የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ጻፍኩት። ዜሮዎቹን በጣቴ ቆጠርኩ። «ተሰርዟል» አለ። ለምን እንደተሰረዘ አይናገርም፤ ስሙን ቀይሮ ይሁን፣ ፈቃዱን መልሶ ይሁን፣ የሚያውቀው የለም። ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። ትዝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ የገበያ ቀን ነው።

አባቴ ከረፋዱ ላይ ደረሱ። አርጅተዋል፤ መቋሚያው ከሳቸው ይበልጥ ይራመዳል። ተራቸውን ጠበቁ። ፊቴ ቆሙና ቁጥሩን አወረዱት። እንደ ወትሮው ጻፍኩ።

«አለ?»

ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የውሸት ቁጥር ሲያመጣ ፊት ለፊት «ይኼ የለም» ያልኩ ሰው ነኝ። ነጋዴ ለምኖኛል፣ አልቅሶብኛል፣ አልተበገርኩም።

«አለ፣ አባየ» አልኩ።

«ተመስገን» አላሉም። ቆመው አዩኝ። «እስኪ ደግመሽ እይልኝ፣ ልጀ» አሉ። እኔም ያቺን የአዲስ አበባ ሴትዮ ለምኛት ነበር እንዲህ። ዓይኔን ማሽኑ ላይ ተክዬ፣ እንደሚያነብ ሰው ትንሽ ቆየሁና፣

«አለ» አልኩ።

«እሽ። አንች ካልሽ» አሉኝ። መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ መጥተው አያውቁም፤ ስለ ቁጥሩም ጠይቀውኝ አያውቁም። ገበያ ሲወጡ እንኳ በወዲያኛው መንገድ ያልፋሉ ይሉኛል።

ዓመት በዓል ነው ብዬ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ያደርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማለዳ በጸሎታቸው ድምፅ ነቃሁ። ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል፤ እኔ እንደተኛሁ ነው የሚያውቁት። ከሕያዋን ጋር የኔን ስም ጠሩ። ከሙታን ጋር የእናቴን ስም ጠሩ። በየትኛው ይጠሯት ይሆን ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅኩ። በሁለቱም ስሟ አልመጣም። አማትበው ሊያበቁ ነው ስል ያን ቁጥር ከመጀመሪያው ዜሮ ጀምረው፣ ቀስ እያሉ፣ እስከ መጨረሻው በዜማ አወረዱት።